ያረጀ ፌራሪ በዓመት ስንት ይበላል?

መኪናው የ2001 ሞዴል ፌራሪ 360 ሞዴና ነው። የገዛሁበት ዋጋ ሁሉ ነገር የተሟላለት አዲስ ፒክአፕ እዚህ ቨርጂኒያ ከሚሸጥበት ብዙም አይርቅም። ፒክአፕ የገዛውን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ፌራሪ ሲሆን ግን ጥያቄው ይዘንባል፦ «ስንት ገዛኸው?» «ስንት ይሮጣል?» በዓመት ስንት እንደሚያስወጣኝ የጠየቀኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ዋናው ጣጣ ያለው ደግሞ እሱ ላይ ነው።

ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1999 ጄኔቫ ላይ ሲተዋወቅ አሜሪካ ውስጥ የአዲሱ ዋጋ 140 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ዛሬ በግማሽ ገደማ ይገኛል። መኪናው ረከሰ እንጂ ዕቃው አልረከሰም። ፋብሪካው የሚልከው ፖምፓ እናንተ በግማሽ ዋጋ መግዛታችሁን አያውቅም። እንዲያውም አንዳንዱ ዕቃ ከገበያ እየጠፋ ሲሄድ ዋጋው ይብሳል። ስለዚህ መኪናውን ስታስቡ የከፈላችሁበትን ሳይሆን አዲስ እያለ ያወጣ የነበረውን ዋጋ አስቡ። የጥገናው ሂሳብ የሚመጣው በዚያኛው ልክ ነው።

ለቶዮታ ቢሆን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገብቶ ኦርጅናሉን፣ ያገለገለውን፣ የቻይናውን አማርጦ፣ ተከራክሮ መግዛት ይቻላል። ለዚህ መኪና ሶማሌ ተራ የለውም። ወይ አዲስ ከፌራሪ ታዛላችሁ፣ ወይ የተጋጩ መኪኖችን ፈታትተው ከሚሸጡ ሰዎች ያገለገለ ትፈልጋላችሁ፣ ወይ ደግሞ ያው ዕቃ በሌላ ርካሽ መኪና ላይ ተገጥሞ እንደሆነ ታጣራላችሁ። ይህ ሦስተኛው ብዙ ብር ያድናል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የእኔን ከመግዛቴ በፊት አንድ ሌላ 360 አይቼ ነበር። ቀይ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ የተነዳው ማይል ትንሽ ነው። ዋጋውም በ12 ሺህ ዶላር ያነሰ። ሻጩ ደግ ሰው ነበር፤ ቡና ጋበዘኝ። የጥገና ወረቀቱን ስጠይቀው ግን «ብዙም ስላልተነዳ ብዙ ጥገና አላስፈለገውም» አለኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ጋ ነው። 600 ዶላር ከፍዬ በፌራሪ ላይ ብቻ ለሚሠራ የግል መካኒክ ሰጠሁት።

መካኒኩ ስምንቱንም ሲሊንደር በየተራ አየር እየሞላ ምን ያህል እንደሚያፈስ ለካ። ሞተሩ ደህና ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የፍሪሲዮኑን ዕድሜ አነበበ፤ አብዛኛው አልቋል። ሞተሩን በቀዝቃዛው ሲያስነሳው በግራ በኩል ከጭስ መውጫው አካባቢ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አለ። «ማኒፎልዱ ተሰንጥቋል» አለኝ፤ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቱቦ ማለቱ ነው። በዚህ ሞዴል ማኒፎልዱ ውስጥ ጭሱን የምታጣራ ትንሽ ካታሊስት አለች። እሷ መፈርፈር ከጀመረች ስብርባሪው ወደ ሞተሩ ተመልሶ ሊሳብ ይችላል። የታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አላለቀም፣ ግን ደርቀዋል። መካኒኩ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ደምሮ ሰጠኝ። የ12 ሺህ ዶላሩ ቅናሽ አለቀ፤ ጭራሽ አልበቃም። አመስግኜ ወጣሁ።

«ያልተነዳ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ጆሯችሁ ይቁም። እነዚህ መኪኖች የሚበላሹት ከመነዳት ይልቅ በመቆም ነው። የዘይት ማኅተሞቹ ይደርቃሉ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል፣ ቤንዚኑ ያረጃል፣ ባትሪው ይሞታል። እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ግራጫ ነው፤ ከቀዩ በእጥፍ የሚበልጥ ማይል የሄደ። ግን ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ ደረሰኝ በደረሰኝ የተያዘበት ወፍራም ፋይል ነበረው። ብሩን የከፈልኩት ለፋይሉ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ትልቁ ወጪ እንምጣ፤ ታይሚንግ ቤልት። የ360 ሞተር 3.6 ሊትር ቪ 8 ነው፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አምስት፣ በድምሩ 40 ቫልቭ አለው። ይህን ሁሉ ቫልቭ በሰዓቱ የሚያስከፍቱትና የሚያስዘጉት ሁለት የጎማ ቤልቶች ናቸው። አንዱ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ያኔ የምታወሩት ስለ ጥገና ሳይሆን ስለ አዲስ ሞተር ነው። ስለዚህ ቤልቱ የሚቀየረው በማይል ብቻ አይደለም፤ በዕድሜም ነው። ፌራሪ በየሦስት ዓመቱ ይል ነበር። ብዙ ባለቤቶች እስከ አምስት ዓመት ይሄዳሉ። እኔ አራት ላይ እቀይራለሁ፤ ለምን ብትሉኝ እንቅልፍ ስለሚሰጠኝ ነው።

ጥሩው ነገር በ360 ላይ ይህን ለመሥራት ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለው ሽፋን ሲከፈት የሞተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ይታያል። ከእሱ በፊት የነበረው ኤፍ 355 ላይ ግን ሞተሩ ከነተሸካሚው ከታች መውረድ አለበት። ሰው ሁለቱን በመልክ እያወዳደረ ይከራከራል፤ እኔ የማወዳድራቸው በዚህ ነው። በግል ጋራዥ የ360 ቤልት ከነመወጠሪያ ኩሽኔታዎቹ 3 ሺህ ዶላር ገደማ አስወጥቶኛል። ለኤፍ 355 የሚጠየቀው የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ኩሽኔታዎቹን «ገና ናቸው» ብሎ ሳይቀይር ቤልቱን ብቻ የሚያስገባ መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀበሉትና ሂዱ። በኩሽኔታ የተረፈች ጥቂት መቶ ዶላር ሞተር ትበላለች።

ቀጥሎ ካምቢዮው። የእኔ ኤፍ ዋን የሚባለው ነው። ፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ ማርሹ ከመሪው ጀርባ ባሉ ሁለት መቅዘፊያዎች ይቀየራል። ውስጡ ግን ያው ተራ ማንዋል ካምቢዮ ነው፤ እግራችሁ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራው በፖምፓ የተገፋ ዘይት ነው። በሩን ስትከፍቱ ገና ሳትቀመጡ ከኋላ በኩል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ፖምፓው ግፊት እየሞላ ነው። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝም ማለት አለበት።

አንድ ቀን የካምቢዮ ማስጠንቀቂያ መብራት በራብኝ። የወሰድኩበት ጋራዥ ኮምፒውተሩን አንብቦ «ፖምፓው ሞቷል፤ ሙሉ ይቀየራል» አለኝ። ዋጋውን 4 ሺህ ዶላር አካባቢ አለው። መኪናውን ይዤ ወደዚያ መጀመሪያ ወዳስፈተሽኩበት መካኒክ ሄድኩ። እሱ ምንም ኮምፒውተር አልሰካም። በሩን ከፈተ፣ ጣቱን አነሳ፣ አዳመጠ። ፖምፓው ዞረና ቆመ። ገብቶ ቁልፉን ከፈተና መቅዘፊያዋን ሁለት ሦስቴ ሳባት። ፖምፓው ወዲያው እንደገና ጀመረ። «ፖምፓው ደህና ነው። የደከመው አኩሙሌተሩ ነው» አለ። አኩሙሌተር የሚሉት በጋዝ የተሞላች ክብ ብረት ናት፤ የዘይቱን ግፊት ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ጋዟ ሲያልቅ ፖምፓው ለእያንዳንዷ ማርሽ ከዜሮ መሥራት ይጀምራል፤ በዚያው ይቃጠላል። አኩሙሌተሩን ቀየረ፣ ፖምፓውን የምታበራና የምታጠፋውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ሪሌዩንም፣ አብሮ ቀየረ። ሁሉም ከ700 ዶላር በታች አለቀ።

ሪሌዩን ልብ በሉት። ዋጋው ምሳ አይበልጥም። ሲያረጅ ግን ተጣብቆ ይቀርና ፖምፓው ያለማቋረጥ እንዲዞር ያደርገዋል። ኤፍ ዋን ያለው 360 የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚቀይራት ዕቃ እሷ ብትሆን ደስ ይለኛል። ፖምፓው ራሱ ቢሞት እንኳ ወዲያው አዲስ ከፌራሪ አትዘዙ። ሥርዓቱን የሠራው ማኜቲ ማሬሊ ነው፤ የአልፋ ሮሜዮ ሴሌስፒድ መኪኖች ላይ ያለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ቁጥሩን አመሳክሮ በጣም በሚረክስ ዋጋ ያገኝላችኋል። የፌራሪ አርማ የሆነው ፈረስ ያለበት ካርቶን ብቻውን ብዙ ያስከፍላል።

ፍሪሲዮኑ እንደ አነዳዳችሁ ነው። አንዱ በ8 ሺህ ማይል ይጨርሰዋል፣ ሌላው 25 ሺህ ይሄድበታል። መቀየር ሲመጣ ካምቢዮው መውረድ ስላለበት ከ3 እስከ 5 ሺህ ዶላር አዘጋጁ። የሚፈጀው ፍጥነት አይደለም፤ መንፏቀቅ ነው። ዋሽንግተንን በሚዞረው 495 አውራ ጎዳና ላይ መንገዱ ሲዘጋና በሴንቲሜትር መጓዝ ሲጀመር ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። እኔ ሲቆም ሁለቱን መቅዘፊያ አንድ ላይ ስቤ ባዶ ማርሽ ላይ አደርገዋለሁ፤ ከፊቴ በቂ ቦታ ሲከፈት ብቻ እነሳለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ ይነፋል። ይንፋ። ዳገት ላይ ወደ ኋላ እየሄዱ ፓርክ ማድረግን ደግሞ እርሱት። ማንዋሉ 360 ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ለዚህም ነው ዛሬ ዋጋው ከኤፍ ዋኑ በብዙ የሚበልጠው።

ትንሽ የሚመስል ግን የሚያናድድ ነገር ልንገራችሁ። የዚያ ዘመን ፌራሪዎች ውስጥ ያሉት ፕላስቲኮች፣ የመስኮት ቁልፉ፣ የአየር ማስወጫው፣ የሬዲዮው ክዳን፣ ሲነኩ ለስላሳ እንዲሆኑ የጎማ ዓይነት ቀለም ተቀብተዋል። ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ይቀልጣል። መስኮት ለመክፈት ጣታችሁን ስታሳርፉ እንደ ማር ይይዛችኋል፤ ስታነሱት ጣታችሁ ጥቁር ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሰርግ የሚሄድ ሰው አጠገባችሁ አታስቀምጡ። በአልኮል እጠርገዋለሁ ካላችሁ ቀለሙ ይለቃል፤ ግን ነጩ ምልክትም አብሮ ይሄዳልና የትኛው ቁልፍ የምን እንደሆነ በግምት ነው የምትኖሩት። ፕላስቲኮቹን ፈታችሁ ብትልኩላቸው አጥበውና ቀብተው የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ። እኔ መፍታቱን ራሴ ስለሠራሁት ሁሉም በ1 ሺህ ዶላር አለቀ። ዱባይና ዶሃ ያላችሁ ወገኖች ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ብቻ አይደለም የሚያቀልጠው፤ ከመስታወቱ ሥር ያለውን የዳሽቦርድ ቆዳም ያኮማትረዋል። እዚያ ጥላ ሥር ያደረ መኪና ፀሐይ ላይ ከከረመው ብዙ ሺህ ዶላር ይሻላል።

ሁሉን ሥራ ለፌራሪ ባለሙያ መስጠት ግን ግዴታ አይደለም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ የስንቱን ሐበሻ ታክሲ ዕድሜ ያራዘሙ ሰው ናቸው። ፍሬን፣ ዘይት፣ የራዲያተር ውኃና የፊት እግር ኩሽኔታ እሳቸው ጋ ነው የማሠራው። መጀመሪያ ስወስደው «ጋሼ፣ ይሄ ፌራሪ እኮ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ ፍሬን ፍሬን ነው» አሉኝና የፊት ጎማውን ፈቱት። የሰዓት ሂሳባቸው የባለሙያው ግማሽ አይሞላም።

ሁለት ነገር ግን ነገርኳቸው፣ እናንተም ንገሩ። አንደኛ፣ የዚህ መኪና አካል አሉሚኒየም ነው፤ ክሪክ የሚገባበት ቦታ የተወሰነ ነው። በዘፈቀደ ከተነሳ ይጨረማመታል። ጋሼ ክሪኩ ላይ ላስቲክ አስደግፈው ያነሱታል። ሁለተኛ፣ ዘይቱ የሚለካው እንደ ቶዮታ በቀዝቃዛው አይደለም። ዘይቱ ለብቻው ታንክ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ ሳለ ነው የሚታየው። በቀዝቃዛው አይቶ «ጎደለ» ብሎ የሚሞላ ሰው ከልክ በላይ ይሞላና ትርፉ ሞተሩ ውስጥ ተመልሶ ሲቃጠል ጭሱ ሰፈር ይሸፍናል። የሚጠጣውም ቀላል አይደለም፤ ወደ 10 ሊትር ይጠጋል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ኢንሹራንስ ብዙዎች ከሚፈሩት ይረክሳል። ለሰብሳቢዎች የሚሸጡ ኢንሹራንሶች አሉ፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ ትስማማላችሁ፣ ለየቀኑ ሌላ መኪና ሊኖራችሁ ይገባል፣ ማታ ጋራዥ ማደር አለበት። እኔ በዓመት 1 ሺህ ዶላር አካባቢ እከፍላለሁ። ግብሩ ግን ያማል። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ያስከፍላል፤ ለእኔ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ይመጣል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ይህ ዓይነት ግብር የለበትም፤ በየዓመቱ እየደወለ ያሾፍብኛል። 25 ዓመት ለሞላው መኪና የአንቲክ (የጥንታዊ መኪና) ታርጋ ማውጣት ይቻላል፤ ያኔ ግን ለሥራ መመላለሻ መንዳት አይፈቀድም።

እንግዲህ ድምሩ። የመጀመሪያው ዓመት ሁልጊዜ ከባድ ነው። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ የቀድሞው ባለቤት «ሊሸጥ ነው» ብሎ ያዘለላቸው ነገሮች ይኖራሉ። በዚያ ዓመት ቤልቱን፣ ፈሳሾቹን ሁሉ፣ ጎማዎቹንና ጥቃቅኑን ጨምሮ 9 ሺህ ዶላር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለጥገና ብቻ በአማካይ በዓመት ከ4 እስከ 5 ሺህ ነው። አንዱ ዓመት 1,500 ይሆንና ደስ ሲላችሁ፣ ቀጣዩ 8 ሺህ ይዞ ይመጣል። ኢንሹራንስና ግብር ሲጨመርበት ወደ 8 ሺህ ይጠጋል። እኔ በዓመት 2 ሺህ ማይል ያህል ስለምነዳ አንዱ ማይል 4 ዶላር ገደማ ይመጣብኛል፤ ያውም ቤንዚን ሳይቆጠር። ታክሲ ተኮናትሬ ብዞር ይረክሰኝ ነበር። ለዚህ ብዬ በየወሩ 700 ዶላር ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ አስቀምጣለሁ። የቤት ኪራይ እንደመክፈል ነው የማየው። ይህን 700 ዶላር በየወሩ ሳይጨንቀው ማስቀመጥ የማይችል ሰው መኪናውን የመግዣ ብር ቢኖረውም አይግዛ ባይ ነኝ። ብድር ወስዶ መግዛትማ አይወራም።

በሂሳቡ ውስጥ ያላስገባሁት ሌላ ወጪ አለ። ፌራሪ ከነዳችሁ «አሁን የለኝም» የምትሏትን ቃል ማንም አይቀበላችሁም። ለሰርግ መዋጮ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ለዘመድ ትኬት የመጀመሪያው ስልክ ወደ እናንተ ነው የሚደወለው። ፒክአፕ የገዛው ጓደኛችሁ ያንኑ ያህል ብር አውጥቶም ሰላም ነው የሚያድረው። እሑድ ምግብ ቤት ስንሄድ እኔ በባለቤቴ ካምሪ የምሄደው ወድጄ አይደለም።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ «አምጥተህ እዚህ አትነዳውም?» ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለከለከለ ነገሩ ከመጀመሩ አልቋል። ባይከለከልም ኖሮ ለአሮጌ መኪና የሚጠየቀው ኤክሳይዝ ታክስና የኮብልስቶኑ መንገድ ይበቃው ነበር።

«ትንሽ ጨምሬ ከ360 ቀጥሎ የመጣውን ኤፍ 430 ብገዛስ?» ለሚል ሰው መልሴ፣ አቅሙ ካለ ግዛ ነው። ሞተሩ ታይሚንግ ቤልት የለውም፤ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ያ ትልቅ ወጪ ከነጭንቀቱ ይቀርለታል። ማኒፎልዱ ግን እዚያም ይሰነጠቃል፣ ኤፍ ዋኑም ያው ኤፍ ዋን ነው።

መኪና ልታዩ ስትሄዱ ገና ኮፋኖ ሳይከፈት አንድ ነገር ታያላችሁ። የጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። 0914 ካለ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጠነኛ ሳምንት ነው። ሻጩ «ጎማ ባለፈው ዓመት ቀይሬያለሁ» ሲል እየሰማችሁ ቁጥሩን አንብቡ። አራቱንም አንብቡ፤ የኋለኞቹ ሰፋፊ ስለሆኑና ቶሎ ስለሚያልቁ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ነው የሚቀየሩት። የእኔን ስገዛ የፊቶቹና የኋላዎቹ በሁለት ዓመት ይለያዩ ነበር። የሁለቱም ደረሰኝ ፋይሉ ውስጥ ነበር።